ከደሴ ሰመራ ብቻውን በሞተር ሳይክል ለሚወርድ ሰው፦ የሞተር፣ የጎማ፣ የጋራጅና የማደሪያ ጥቆማ

«ከደሴ ተነስቼ በባቲ አድርጌ ሰመራ ድረስ ብቻዬን በሞተር ሳይክል መሄድ እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ልያዝ፣ ምን ልግዛ፣ የት ልደር?» ብለህ ለጠየቅኸኝ ወንድሜ፦ ይህንኑ የሚጠይቁኝ ሌሎችም ስላሉ መልሱን ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ። ርቀቱ አያስፈራም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ገደማ፣ ከባቲ ሚሌ 90 ገደማ፣ ከሚሌ ሰመራ ደግሞ 60 ገደማ ነው። መንገዱ አስፋልት ነው። የሚከብደው ቁልቁለቱ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850፣ ባቲ 1,500፣ ሚሌ ከ500 በታች። ጠዋት ጦሳ ተራራ ሥር ጣትህ በብርድ ደንዝዞ ተነስተህ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ የሌለበት የአፋር ሜዳ ላይ ትገኛለህ። ስለዚህ አንድ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይም ሚሌ ላይም የሚያገለግል መሆኑን አስብ። ሌላው መለኪያዬ ብቻህን መሆንህ ነው። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ጥሩ ዕቃ ማለት የመንገዱ ዳር ሰው ሁሉ አይቶት የሚያውቀውና ሊጠግነው የሚችለው ነው። ከዚህ በታች የምመክርህ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የመጣ ነው።

ሞተር ሳይክሉ

በእኛ አካባቢ በምርጫ የሚቀርቡት ሦስት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል፦ የባጃጅ ኩባንያ ቦክሰር 150፣ የቲቪኤስ አፓቼ፣ እና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ለመስክ ሥራ የሚጠቀሙባቸው ያማሃዎች፣ ማለትም ዲቲ 125 እና ኤክስቲዜድ 125።

ለመንዳት ደስ የሚለው ኤክስቲዜድ ነው፤ በዚህ ላይ አልከራከርም። የፊት ጎማው ትልቅ ነው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፣ ጠጠር ላይ አይደነብርም። ከአስፋልት ወጥተህ ወደ ገጠር መንገዶች ልትገባ ካሰብህ እርሱን ውሰድ። በዋናው መንገድ ወርደህ በዋናው መንገድ የምትመለስ ከሆነ ግን ቦክሰርን እመክራለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቦክሰር ፍሪሲዮን (ክላች) ሽቦ፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) እና ካቴና (ሰንሰለት) ኮምቦልቻም ባቲም ከሰመራ አጠገብ ባለችው ሎጊያም ይገኛል፣ የፈታውና የገጠመው ልጅም አይጠፋም። የያማሃ መለዋወጫ ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ አለብህ። ታንከሩ 11 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድልህ እንኳ ደሴ ሞልተህ ሰመራ ስትደርስ ግማሽ ገደማ ይቀርሃል።

አፓቼ ፈጣንና የሚያምር ነው፤ ለከተማና ለሐረጎ ኩርባ ይመቻል። ወንበሩና እጀታው ግን ጎንበስ ያደርጋል፤ የረጅም ርቀት ነገር ሆኖ ወገብህን ይጎዳዋል። ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለሆነ ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ ያቃጥላል፤ ጠንካራ ነው፣ ዳገት ይወዳል፣ ነገር ግን የሁለት ምት ዘይት መንገድ ላይ ፈልገህ ላታገኝ ትችላለህ። ዘይቱን ከቤትህ ይዘህ ካልሄድህ አትመነው።

ጋራጅ፦ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

እኔ የደሴ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ጉዞ ግን ኮምቦልቻን እመርጣለሁ። የደሴ መካኒክ እጁ ጥሩ ነው፤ የሚያስተካክለው ግን ለደሴ አየር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር የሚያቀላቅለው ክፍል) ያለው ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጉልበቱም በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ካርቡሬተሩን ነካክተው ቤንዚኑን የሚያሳንሱ አሉ። ደሴ ላይ ይህ ይስማማል። በዚያው ልክ ሚሌ ከወረድህ ግን አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ያንተ ሞተር ሳይክል እንዲህ ተነካክቶ ከሆነ ወደ ፋብሪካው ልክ አስመልሰው። ካልተነካ እንዳለ ተወው፤ ወደ ታች በወረድህ ቁጥር ራሱ እየተሻለው ይሄዳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ባቲ ስትደርስ ሞተሩ ትንሽ እስኪበርድ ጠብቀህ ካንዴላውን አስፈትተህ እይ። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ከነጣ ቤንዚን አንሶታል፣ ግሏል፤ አስተካክል። ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል። መካኒኩ ይህን ሲጠየቅ ካንዴላውን አውጥቶ ካላሳየህና «ችግር የለም» ብሎ ካለፈህ ሌላ ጋራጅ ሂድ።

ዘይት ስታስቀይር 20ደብልዩ50 የሚለውን ጠይቅ፤ ለሙቀት የሚሆነው እርሱ ነው። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት መኖሩንም አረጋግጥ። በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሆነ፣ ለመኪና የተሠራ አንዳንድ ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መንገዱ አልሄድ ሲል ብዙዎች ፍሪሲዮኑን ያስቀይራሉ፤ ጥፋቱ የዘይቱ ሊሆን ይችላል።

ጎማና ንፋስ

ባለ ካላማዳሪያ (ጎማው ውስጥ ገብቶ ንፋስ የሚይዘው ላስቲክ) ወይስ ያለ ካላማዳሪያ? ያለ ካላማዳሪያ የሚሠራው ጎማ ሲበሳ ቀስ ብሎ ስለሚተነፍስ ለደኅንነት ይሻላል፤ የመብሻ መድፈኛውን ይዘህ በራስህ መጠቀም የምትችል ከሆነ እርሱን ምረጥ። ካልሆነ ግን ባለ ካላማዳሪያው ይሻልሃል። ይህ መንገድ የጅቡቲ ከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ ጎሚስታ የሌለበት ከተማ የለም፤ የትኛውም ጎሚስታ ደግሞ ካላማዳሪያ ይለጥፋል። ለፊትም ለኋላም አንዳንድ ትርፍ ያዝ። ሁለቱንም ከመነሳትህ በፊት ንፋስ ሞልተህ ውሃ ውስጥ ፈትሻቸው። ከአንድ መደብር አዲስ ነው ተብዬ የገዛሁት ካላማዳሪያ ስፌቱ ላይ ንፋስ ሲያወጣ አግኝቼዋለሁ፤ እቤት ስለፈተሽሁት ግን መንገድ ላይ አላስቸገረኝም።

ይህን ደግሞ ልብ በል። የንፋስ መለኪያ የሚያነበው የጎማው ውስጥ ግፊት ከውጭው አየር የሚበልጥበትን ነው። ከደሴ ወደ ሚሌ ስትወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው 3 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት አሃድ) ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። በሌላ በኩል አስፋልቱና ሙቀቱ ጎማውን አግለው ንባቡን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ሚሌ ላይ በጋለ ጎማ ለክተህ «በዝቷል» ብለህ ንፋስ አታስወጣ። ሰመራ አድረህ ጎህ ሲቀድ፣ ሳትነዳው፣ በቀዝቃዛው ለካ፤ ትክክለኛው ንባብ ያ ነው። ስትመለስም ነገሩ ይገለበጣል፤ ደሴ ስትገባ ጎማው ጠንከር ብሎ ታገኘዋለህ።

ልብስ፣ ሄልሜት፣ ጓዝ

የቆዳ ጃኬት ሐረጎ ላይ ንጉሥ ነው፤ ከባቲ በታች ግን አይቻልም። ከሰልባጅ ተራ ሰፋ ያለ የወፍራም ጨርቅ ጃኬት ፈልግ፤ ከሥሩ ለጠዋቱ ብርድ ሹራብ ልበስና ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቡን አውልቅ። «ሙቀት ስለሆነ በቲሸርት እነዳለሁ» የሚሉትን አትስማ። አየሩ ከሰውነት ቆዳ በላይ ሲሞቅ የሚመታህ ንፋስ ሙቀት ይጨምርብሃል እንጂ አያቀዘቅዝህም፤ ላብህንም ሳታየው ያደርቀዋል። ከውስጥ ውሃ የነካ የጥጥ ልብስ፣ ከላይ ጃኬት፤ ይህ ነው መፍትሔው።

ባቲ ላይ ሽርጥ ግዛ። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ በዋጋው ልክ እንደ ሽርጥ የሚያገለግል አላየሁም፤ ቀን ነክረህ አንገትህ ላይ ትጠመጥመዋለህ፣ ማታ ትለብሰዋለህ፣ አቧራ ሲነሳ አፍንጫህን ትሸፍንበታለህ።

ሄልሜት ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን ውሰድ። ከኋላው የተለጠፈው የጥራት ምልክት ብቻውን አያሳምንህ፤ ከውስጥ ጠንካራ ነጭ ስፖንጅ መኖሩን በጣትህ ጫን አድርገህ እይ፣ የአገጩን ማሰሪያ ሳብ አድርገህ ፈትን፣ አጥልቀህ ራስህን ስትነቀንቅ የሚዞር ከሆነ ተወው።

ለጓዝ ከውጭ የሚመጣውን የፕላስቲክ ሳጥን ከማስገጠም ይልቅ የከባድ መኪና ሸራ ለሚሰፉ ሰዎች ጥንድ ቦርሳ እንዲሰፉልህ ንገራቸው። ሳጥኑ ከወደቀ ይሰነጠቃል፤ ሸራው ቢቀደድ በመርፌና በክር ይመለሳል። ከኋላው በጣም አታስከብደው፣ የፊት ጎማህ ይቀልብሃል።

ቤንዚንና ውሃ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማደያ ላይ ክፍያው በኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ቴሌብርህ ላይ በቂ ገንዘብ፣ ስልክህ ላይ በቂ ቻርጅ ይኑር። ወረፋ ወይም እጥረት ሲያጋጥም በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን መግዛት ግድ ይሆን ይሆናል። ከሆነ በሚታይ ላስቲክ አድርገህ ጥቂት ደቂቃ አቁመው፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ካለበት ከሥሩ ተለይቶ ይታያል። ሲቀላቀል የኖረ ናፍጣ ወይም ላምባ ግን እንዲህ አይለይም፤ ስለዚህ ማደያ እስካለ ድረስ ማደያ ይሻላል። ኮምቦልቻ ሙላ፣ ሎጊያ ወይም ሰመራ ሙላ፣ መካከል ላይ ለማግኘት ተስፋ አታድርግ።

ውሃ ቢያንስ አምስት ሊትር ያዝ፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ለመጠጥ ሳይሆን ለልብስህና ለአንገትህ ነው። ከፋርማሲ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ግዛ። ላብ ጨውንም ይዞ ይወጣልና ውሃ ብቻ መጠጣት አይበቃም። በረመዳን ከሄድህ ቀን ላይ ክፍት ምግብ ቤት ማግኘት ስለሚከብድ ስንቅህን ይዘህ ውጣ፤ በሰው ፊትም አትብላ፣ አትጠጣ።

ማደሪያ

ሎጊያ ወይስ ሰመራ? ሎጊያ የከባድ መኪና ከተማ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ይጮሃል፣ ነገር ግን ምግቡ አይቋረጥም፣ ጎሚስታውም መካኒኩም ከማደሪያህ በእግር ይደረስበታል። ሰመራ የክልሉን ዋና ከተማነት ከአይሳኢታ የተረከበች አዲስ ከተማ ናት፤ ሰፊ፣ ጸጥ ያለች፣ አየር ማቀዝቀዣ ያላቸው ሆቴሎች ያሉባት። ሞተር ሳይክልህ ጤነኛ ከሆነ ሰመራ እደር። የሚጠገን ነገር ካለህ ሎጊያ ቅር። የትም ብታድር አልጋ ከመከራየትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል ወይ? አጎበር አለ ወይ? ወባም ደንጊም የሚያጠቃው አካባቢ ነው። ሞተር ሳይክሉን ግቢ ውስጥ አስገባ፤ ውጭ ይደር የሚልህ ቦታ አትደር።

በመንገዱ ላይ

ሐረጎንና ከባቲ በኋላ ያለውን ቁልቁለት በማርሽ ውረድ። ፍሬን ብቻ ይዘህ ከወረድህ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል። ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉም ካለ ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጣ፤ ጉሙ ይነሳል። ሰኞ ከሆነ ባቲ የገበያ ቀን ናት፤ ከደጋም ከቆላም የሚመጣው ሰውና እንስሳ መንገዱን ይሞላዋል። ማየት የሚገባው ገበያ ስለሆነ እኔ ሰኞን እመርጣለሁ፣ ግን ቀስ ብለህ ግባ። ከፀሐይ ግባት በኋላ አትንዳ። ግመል በፓውዛ ብርሃን የሚታይህ እግሩ ብቻ ነው፣ ያውም ዘግይቶ።

አሁን ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅህን አገልግሎት ልጥቀስልህ። አፋሮች ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ከየት እንደመጣህ፣ መንገዱ ላይ ምን እንዳየህ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ፣ ሁሉም ይጠየቃል፤ የተነገረውም በጥንቃቄ ወደፊት ይተላለፋል። ቸኩለህ አትለፍ። ሞተሩን አጥፋ፣ ሄልሜትህን አውልቅ፣ ሰላም በል፣ የተጠየቅኸውን በእውነት መልስ፣ ከዚያ አንተም ጠይቅ። ከስልክ ካርታ የበለጠ ይጠቅምሃል፤ አንተ ብልሽት ገጥሞህ ብትቆምም ከፊትህ ያሉት ሰዎች ቀድመው ሰምተውልህ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ሳትጠይቅ አታንሳ።

ሞተሩ ጨርሶ እምቢ ካለህ ወደ ኮምቦልቻ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ጠይቀህ ጫነው። ገመድ ስለዚህ ያስፈልግሃል።

የሰላሙን ነገር ሳትጠይቅ አትነሳ። በዚያኑ ዕለት ጠዋት ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠይቅ፤ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ የተገደበበት ጊዜም ስለሚኖር ፖሊስንም ጠይቅ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና መታወቂያ በላስቲክ ጠቅልለህ ደረትህ ኪስ ውስጥ አድርግ፤ ኬላ ላይ ጓዝህን አታስፈታም።

እህቴ፣ አንቺ ስለ ኪራይ ላነሳሽው፦ በቀን ከሚያከራዩ ሰዎች ብትወስጂ ውሉ ላይ «አፋር ክልል» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ፣ አደጋና ብልሽት ቢደርስ ማን እንደሚከፍልም እንዲሁ። የኢንሹራንስ ወረቀቱን በዓይንሽ እይ። የሚያውቁት ሰው ሞተር ሳይክል በውሰት ከተገኘ ግን፣ አገልግሎቱ ሙሉ ተደርጎ ከሆነ፣ ከኪራዩ የተሻለ ነው፤ ጠባዩን ባለቤቱ ይነግርሻል።

«በግንቦት ብሄድስ?» ላልኸኝ ልጅ መልሴ አይሆንም ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ሰመራ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሚሌና በሎጊያ ወንዞች ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሂድ። እስከዚያ ሐረጎን እየወረድህና እየወጣህ፣ ካላማዳሪያ በራስህ እጅ እየቀየርህ ተለማመድ፤ ከአንድ ጎሚስታ ጋር ግማሽ ቀን ብትቀመጥ በደስታ ያሳይሃል።