የጂቢቲ መኪና ታይፕ 2 እና ሲሲኤስ 2 ላይ፦ አንድ አዳፕተር ይበቃል?

ጠባሴ፦
ሰላም ወገኖች። የኤሌክትሪክ መኪናዬ በቀጥታ ከቻይና የገባ ነው፤ የቻርጅ ሶኬቱ ጂቢቲ (የቻይና ደረጃ) ሲሆን ኤሲው (የቤት፣ ዘገምተኛው) ባለ 7፣ ዲሲው (ፈጣኑ) ባለ 9 ቀዳዳ ነው። የአውሮፓ ደረጃ ለሆኑት ለታይፕ 2 የግድግዳ (ኤሲ) ቻርጀርና ለሲሲኤስ 2 ፈጣን (ዲሲ) ቻርጀር በአንድ አዳፕተር መጠቀም ይቻላል? ደግሞ አብሮት የመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ደብረ ብርሃን ቤት ሲሰካ ቀይ አብርቶ የሚቆመው ለምንድን ነው?

የሞላሌ ልጅ፦
አይቻልም ወንድሜ፣ ሁለት አዳፕተር ነው የሚያስፈልግህ። ታይፕ 2 እና የጂቢቲ ኤሲ በመልክ መንታ ናቸው፤ ወንድና ሴታቸው ግን ተገላቢጦሽ ነው። በጂቢቲ ፒኑ ያለው ኬብሉ ላይ፣ በታይፕ 2 ደግሞ መኪናው ላይ ነው። ቻርጀሩ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ለመኪናው የሚነግርበት ምልክት በሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ውስጡ ሽቦና ሬዚስተር ብቻ ያለው አዳፕተር ይሠራል። ስትገዛ ቴስተር (ኦም መለኪያ) ያዝ። በጂቢቲው ጫፍ፣ መንቀያ ቁልፉን ሳትጫን፣ ከሲሲ ፒን (CC፣ መሰካቱን ለመኪናው የሚያሳውቀው) እስከ ምድር ፒን 220 ኦም ካሳየ ለ32 አምፔር ነው። 680 ካሳየ መኪናው ከ16 በላይ አይስብም።

ዲሲው ሌላ ነገር ነው። መኪናና ቻርጀር በጂቢቲ በካን (CAN) የመረጃ መስመር፣ በሲሲኤስ 2 ደግሞ በፒኤልሲ (PLC) በሚባል ሌላ የመነጋገሪያ ዘዴ ስለሚነጋገሩ መሀል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አዳፕተሩ ፕሮሰሰርና የራሱ ባትሪ አለው፤ ያ ባትሪ ከሞተ ቻርጅ አይጀምርም። ሶፍትዌሩ ካረጀም አንዳንድ ጣቢያ ላይ እምቢ ይላል፤ እንዴት እንደሚታደስ ሻጩ ካላሳየህ አትክፈል። ስትጨርስ መጀመሪያ ከጣቢያው አቁም፤ ኃይል እያለፈ በፍጹም አትንቀል።

ቆጣሪ፦
ቀዩ መብራት አብዛኛውን ጊዜ የምድር ሽቦ የለም ማለት ነው። ብዙ አሮጌ ቤት ሶኬቱ ሦስተኛ (የምድር) ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ምድሩን ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር አገናኝተው «ፈታሁት» የሚሉ አሉ፤ እባክህ እንዳታስደርግ! ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። የመዳብ ዘንግ አስቀብር፣ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኃይል ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ) አስገባ፤ ለ16 አምፔር ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው 4 ካሬ (ሚሊሜትር) ሽቦ በ20 አምፔር ብሬከር፣ ለ32 ቢያንስ 6 ካሬ በ40። ነጠላ ፌዝ ከሆንክ ምጣድና መኪና በአንድ ሰዓት አይሆኑም።

ጠባሴ፦
ወደ 10 አምፔር ብቀንሰው ቀዩ አይጠፋም?

ቆጣሪ፦
አይጠፋም። መቀነስ የሚጠቅመው ሶኬቱ ሲግል ወይም ማታ ቮልት ሲወርድ ነው። 10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ነው፤ በ10 ሰዓት 22 ኪሎዋት ሰዓት፣ ብክነቱ ሳይቀነስ።

የሞላሌ ልጅ፦
ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርድ ከሆነ ደግሞ 85 በመቶ ላይ አቁመው። በሞላ ባትሪ ከጣርማ በር ቁልቁል ስትወርድ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ወደ ባትሪው የሚመልሰውን ኃይል የሚቀበል ቦታ ስለሌለ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።