የንባብ ክፍል ሰዓት እንዲራዘም በዩኒቨርሲቲው ዕቅድ ውስጥ ለማስገባት ተማሪ ተወካይ ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ የ3ኛ ዓመት ተወካይ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ክፍላችን ተወካይ ሆኜ ተመርጫለሁ። ተማሪው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው የንባብ ክፍሉ ማታ በ4 መዘጋቱ ቀርቶ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እንዲቆይ ነው። ጉዳዩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ እንዳይቀር፣ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ለማን፣ መቼ፣ በምን መልክ ይቅረብ? የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ የትምህርት ጉባኤ በሆነው ሴኔት ውስጥ ያለው የተማሪ ድምፅስ ይበቃል?

መልስ 1፦ ዕቅድና በጀት

መጀመሪያ «መቼ» የሚለውን ያዝ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ጥሪ፣ ማለትም «የሚቀጥለውን ዓመት የበጀት ጥያቄያችሁን አቅርቡ» የሚለው ደብዳቤ፣ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጥርና የካቲት አካባቢ ነው፤ ፓርላማው የሚያጸድቀው ደግሞ ሰኔ መጨረሻ ገደማ። ግንቦት ላይ የተነሣ ጥያቄ ጆሮ እንጂ ገንዘብ አያገኝም። ወረቀታችሁ ታኅሣሥ ላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እጅ ይግባ፤ ከዚያ ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን (የኮሌጁን የትምህርት ጉዳይ የሚያይ ጉባኤ)፣ ከዚያም ወደ ዕቅድ ክፍል ይሄዳል። ሴኔት የሚደርሰው አብዛኛው ነገር ታች በስሎ ያለቀ ስለሆነ ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ታች ነው።

«ተማሪው ተቸግሯል» የሚል ደብዳቤ በጀት ውስጥ የሚገባበት መስመር የለውም። ቁጠሩ። ለ14 ተከታታይ ቀናት፣ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ በየሰዓቱ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ያለው ወንበር፣ የተያዘው ወንበር፣ ቦታ አጥቶ የተመለሰ ተማሪ። የፈተና ሳምንትን ብቻ ብትቆጥሩ «እሱማ ሁልጊዜ ይሞላል» ተብሎ ይጣልባችኋል፤ ስለዚህ አንዱ ሳምንት ፈተና የሌለበት ይሁን።

ቀጥሎ ወጪው። ሁለት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና አንድ ጥበቃ ቢያስፈልጉ፦ 2 ሰዓት × 3 ሰው × 6 ምሽት × 40 ሳምንት = 1,440 የትርፍ ሰዓት። ብሩን እናንተ አትገምቱ፤ ሰዓቱን ስጡ፣ ፋይናንስ በደመወዝ እርከኑ ያባዛዋል። እናንተ የገመታችሁት ብር ከተሳሳተ መላው ወረቀት እምነት ያጣል። ይህ መደበኛ ወጪ ነው፤ ማለትም እንደ ደመወዝ በየዓመቱ የሚደጋገም። ተጨማሪ ወንበር፣ ሶኬትና የኤሌክትሪክ መስመር ከፈለጋችሁ ለብቻው ጻፉት፤ ግዥና ጨረታ ያለበት ነገር ከሰዓቱ ጋር ከተቀላቀለ ቀላሉንም ይዞት ይቆማል።

ሁለተኛ አማራጭ አብራችሁ አቅርቡ፦ ለ8 የፈተና ሳምንታት ብቻ፣ ማለትም 288 ሰዓት። ሙሉው ባይፈቀድ እንኳ ባዶ እጃችሁን አትመለሱም፤ በእነዚያ ሳምንታት የምትቆጥሩትም ለሚቀጥለው ዓመት ማስረጃ ይሆናል።

መልስ 2፦ የቃለ ጉባኤ ሰው

ከላይ በተባለው ላይ ስለ ወረቀቱ ጉዞ ልጨምር። ስንት ተማሪ የት እንደሚቀመጥና ድምፅ ይኑረው አይኑረው የተጻፈው በዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጅስሌሽን፣ ማለትም በውስጥ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ስብሰባ ላይ የሚረዳችሁ ግን ሌጅስሌሽኑ ነው። ኮፒው ከእጃችሁ አይለይ።

አጀንዳ በቃል አይያዝም። ለሰብሳቢው በደብዳቤ ጻፉ፣ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ፣ ቁጥርና ቀን የተመታበትን ቀሪ ኮፒ ያዙ። ስብሰባው ሲያልቅ ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም አንብቡት። «ጉዳዩ ትኩረት እንዲሰጠው ተብሏል» ካለ ምንም አልተወሰነም ማለት ነው። «የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የሰው ኃይል ፍላጎቱን እስከ ጥር 10 ለኮሚሽኑ ያቀርባሉ» ካለ ግን ባለቤትና ቀን አለው። ሰብሳቢውን በአክብሮት «በማን ስም፣ እስከ መቼ ይያዝ?» ብሎ መጠየቅ የተወካይ መብት ነው፤ ማንንም አያስቀይምም።

ጅማ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲው ከተመሠረተበት ከ1992 ጀምሮ ትምህርቱን ከኅብረተሰቡ ጋር ያስተሳሰረ ስለሆነ ተማሪው ለሲቢቲፒ (ኅብረተሰቡ ውስጥ ለሚሰጥ የተግባር ሥልጠና) ለሳምንታት ወደ ቀበሌ ይወጣል። ተወካይ ወጥቶ ስብሰባ ቢጠራ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ውሳኔው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ የመውጫ ጊዜው ከዋናው ተወካይ ጋር የማይገጥም ተለዋጭ ምረጡ፣ ስሙንም አስቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። በስልክ የተላከ ተለዋጭ በር ላይ ይመለሳል።

መልስ 3፦ የተማሪዎች አገልግሎት

አንድ የተረሳ ነገር አያለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 6 ተከፍቶ የዶርም በር በ4 ከተዘጋ ተማሪው የት ያድራል? ፕሮክተሮቹ (የዶርም ተቆጣጣሪዎቹ) እና የካምፓስ ጥበቃው በውይይቱ ይግቡ። ከንባብ ክፍሉ እስከ ሴቶች ዶርም ያለውን መንገድ በማታ እየተራመዳችሁ የማይበሩትን ምሰሶዎች ቁጠሩ፤ ይህን ቆጠራ ሴት ተማሪዎች ይምሩት። ይህ ካልተስተካከለ የተጨመረው ሰዓት ለወንዶች ብቻ የተጨመረ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ፍትሕ አይደለም።

መብራት ሲሄድስ? ጄኔሬተሩ ለንባብ ክፍሉ የተገናኘ መሆኑን ጠይቁ፣ የናፍጣውንም ወጪ በወረቀቱ ጥቀሱ። የአስተያየት መጠይቁንና ማስታወቂያውን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ለጥፉ፤ በዊልቸር የሚሄዱና ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ዘንድ ግን ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ከሰሌዳ ላይ እስኪያነቡ አትጠብቁ።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዘንድሮውን የቤተ መጻሕፍት በጀት ለማየት ስንጠይቅ «ለተማሪ አይሰጥም» ብንባልስ?

መልስ 1፦ ዕቅድና በጀት

የፌዴራል በጀት በአዋጅ ስለሚወጣ የዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ በጀት ምስጢር አይደለም። ዝርዝሩን መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። «ስለ በጀቱ መረጃ» ብላችሁ በደፈናው አትጠይቁ፤ «በዚህ በጀት ዓመት ለቤተ መጻሕፍት የተያዘ የትርፍ ሰዓት ክፍያና እስከ ኅዳር 30 ሥራ ላይ የዋለው» ብላችሁ ጻፉ። የተያዘውን ጥቅምት ላይ ለብቻው ከጠየቃችሁ መልሱ ታኅሣሥ ላይ ለምታቀርቡት ወረቀት ይደርሳል፤ እስከ ኅዳር 30 ሥራ ላይ የዋለውን ግን ኋላ ጠይቃችሁ ለጥር ስብሰባ አስከትሉት። የተያዘው ሳይነካ የቆየ ከሆነ አዲስ ገንዘብ ሳይሆን ዝውውር፣ ማለትም የተያዘው ገንዘብ ለዚህ ሥራ እንዲዛወር፣ ትጠይቃላችሁ፤ ያ ደግሞ ሐምሌን መጠበቅ ላያስፈልገው ይችላል።