የቆየው ስካዳና አዲሱ የውሳኔ ማገዣ ሲስተም አልግባባ አሉን

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። ስካዳችን (መስመሩን ከሩቅ የምንከታተልበትና የምንቆጣጠርበት ሲስተም) ያረጀ ነው፤ ግን አሳፍሮን አያውቅም። በቅርቡ መብራት ሲጠፋ የትኛው ብሬከር (የመስመር ማብሪያ ማጥፊያ) ቢዘጋ፣ ማለትም ኃይል ቢያሳልፍ፣ እንደሚሻል ሐሳብ የሚሰጥ አዲስ ሲስተም ተገጠመ። መረጃው ይደርሰዋል። ሐሳቡ ግን አይታመንም። ባለፈው ለጥገና የተከፈተን ብሬከር ዝግ ነው ብሎ ቆጠረው። ሰው መስመሩ ላይ እየሠራ ነበር! ኦፕሬተሮቹ አሁን ስክሪኑን ማየት ትተዋል። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስሞቹን እይ። አንዱ ብሬከር በስካዳው አንድ መለያ፣ በካርታው ሲስተም ሌላ፣ በጥገና መዝገቡ ደግሞ ሦስተኛ መለያ ይኖረዋል። እኛም ጋ እንዲሁ ነበር። ማዛመጃ ሠንጠረዥ እስክንሠራ ድረስ ምንም አልተስተካከለም። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን አቋራጭ የለውም። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) 61970 እና 61968 የተባሉት ስታንዳርዶች ለዚሁ የሚሆን የጋራ መረጃ ሞዴል አላቸው። እያንዳንዱ ዕቃ በሁሉም ሲስተም የሚታወቅበት አንድ መለያ ይሰጠዋል። በአንድ ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ጀምሩ። ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ሳይሆን ሳይት ሄዳችሁ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩ።

መልስ 2፦
ከመሣሪያዎቹ መረጃውን በምን ፕሮቶኮል (የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ) ነው የምታነቡት?

ጠያቂ፦
አብዛኛው ሞድባስ ነው። ጥቂቱ ዲኤንፒ3።

መልስ 2፦
እንግዲያው አንዱ ችግር እዚያ ነው። መደበኛው የሞድባስ ንባብ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚሰጥህ። መቼ እንደተለካ፣ ይታመን አይታመን አይነግርህም። ግንኙነቱ ሲቋረጥ የመጨረሻው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይቀራል፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ ትኩስ መረጃ ይመስለዋል። ዲኤንፒ3 ሰዓትም የጥራት ምልክትም መላክ ይችላል። በመሣሪያዎቹና በአዲሱ ሲስተም መሃል ያለው ማገናኛ እነዚህን እንዳይጥላቸው አረጋግጥ። ለሞድባሱ ማገናኛው ራሱ ያነበበበትን ሰዓት ይመዝግብ፤ ንባብ ሲቀር «አይታመንም» የሚል ምልክት ያድርግበት። ሰዓቱንም እይ። ስካዳው በአካባቢ ሰዓት፣ አዲሱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ከሆነ የክስተቶች ቅደም ተከተል ይዛባል።

መልስ 3፦
እኔ ኦፕሬተር ነኝ። እባክህ አዲሱ ሲስተም ለጊዜው ያንብብ እንጂ ትእዛዝ አይላክ። የጥገና ፈቃዶቹንም አስገቡለት፤ መስመር ላይ ሰው እንዳለ ስካዳው ብቻውን አይነግረውም። ሐሳብ ሲያቀርብ ምክንያቱንም ያሳየን። የቱን መረጃ ይዞ እንደተነሳ ካየን ስህተቱን እኛው እንነግራችኋለን።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጥገና ፈቃዱን ጨርሶ አላሰብነውም ነበር። ነገ ከኦፕሬተሮቹ ጋር ቁጭ ብዬ ከእሱ እጀምራለሁ።