48 ሰዓት ያለፈበት ሰው ሕገ መንግሥቱ ምን ይሠራለታል? (ከደሴ)

የፒያሳው

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ይሠራል። ሐሙስ ማታ ከአንድ ተሳፋሪ ጋር በተፈጠረ ጭቅጭቅ ተይዞ ጣቢያ ገባ። ፍርድ ቤት የቀረበው ማክሰኞ ነው። አርብ ስንሄድ «ፋይሉ አልተዘጋጀም» አሉን፣ ቅዳሜና እሑድ «ዝግ ነው»፣ ሰኞ ደግሞ «መርማሪው የለም»። ማክሰኞ ዳኛው ፊት ቀርቦ በዋስ ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ነው። እኔ ግን አላለቀልኝም።

ሰፈር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስንጫወት አንዱ «ሕገ መንግሥቱ 48 ሰዓት ነው የሚለው» አለ። አባቴ ሳቁ። «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» አሉና ሻያቸውን ጨልጠው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቴ ውስጥ እየተመላለሰ ነው። ዲሞክራሲ አለ በሚባልበት አገር ሕገ መንግሥት በትክክል የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? አንደኛ ደረጃ ላይ በሥነ ዜጋ የተማርነውን «የሕጎች ሁሉ የበላይ» የሚለውን አውቀዋለሁ፣ እሱን አትድገሙልኝ። እና ደግሞ በተግባር፣ ያኔ ሰኞ ጠዋት ቤተሰቡ ምን ማድረግ ይችል ነበር?

ጥቁር ካባ

ወንድሜ፣ እንኳን ልጁ ወጣላችሁ። ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ለመጀመሪያውም መልስ የሚሆነው እሱ ነው።

አንቀጽ 19 ንዑስ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ከዚህ ላይ የማይቆጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ድረስ ለመጓዝ በአግባቡ የሚፈጀው ጊዜ። ቅዳሜና እሑድ የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። «መርማሪው የለም» የሚልም የለም። ደሴ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከየትኛውም ጣቢያ ፍርድ ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ባጃጅ ነጂ ለሆነው ልጃችሁ እኔ አልነግረውም።

ንዑስ 4 ላይ ነው ዋናው ነገር። ፖሊስ በጊዜው ካላቀረበው ሰውየው «አካሌ ይለቀቅልኝ» ብሎ ፍርድ ቤቱን የመጠየቅ ሊጣስ የማይችል መብት አለው። ይህ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይባላል። የአቀራረቡ ሥርዓት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተጽፏል። እሱ ታስሮ መፈረም ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሊያቀርብለት ይችላል፣ በመሐላ ቃል አስደግፎ። ዳኛው የያዘውን አካል «ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ ለምን እንደያዝክም አስረዳ» ብሎ ያዝዛል። ማለትም የማስረዳት ሸክሙ ከእናንተ ወደ ያዡ ይዞራል። ሰኞ ጠዋት አክስትህ ማድረግ የሚችሉት ይህንን ነበር። ሕዝቡ ግን አያውቀውም። የሚያውቀው ጣቢያ በር ላይ ቆሞ መለመንን ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው። ሕገ መንግሥት መንግሥት ሕዝቡን የሚያዝበት ሕግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የተገላቢጦሽ ነው። ወንጀለኛ መቅጫ እኔና አንተን ያዝዛል፣ ሕገ መንግሥት የሚያዝዘው ግን አዛዡን ነው። ሕግ አውጪውን፣ ሚኒስትሩን፣ ኮማንደሩን፣ ዳኛውን። እስከዚህ ድረስ ሂድ፣ ከዚህ አትለፍ ይላቸዋል። ሰው በምርጫ 90 ከመቶ ድምፅ አግኝቶ ቢያሸንፍ እንኳ የተሸነፈውን 10 ከመቶ እንዳሻው እንዳያደርገው የሚያግደው ይሄ ነው። ምርጫ ብቻውን ይህን አያደርግም።

ሆጤ 03

ጥቁር ካባ ጥሩ ትጽፋለህ ግን እስቲ ከመጽሐፉ ውጣ። አንቀጽ 93ን ምነው ዘለልከው? ሐምሌ 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስድስት ወር፣ ከዚያ አራት ወር ተጨመረ። በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን አይነኩም ተብለው የተዘረዘሩት መብቶች ውስጥ አንቀጽ 18 አለ፣ 25 አለ፣ 39 አለ፣ 19 ግን የለችም። የኛ 48 ሰዓት በአንድ አዋጅ ትተኛለች። የተያዙ ሰዎችን ስምና የተያዙበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የሚያደርግ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል ተብሎ እዚያው አንቀጽ 93 ላይ ተጽፏል፣ ታውቃላችሁ? እናንተ ሠፈር የተለጠፈ ዝርዝር ያየ አለ?

ሁለተኛ ነገር። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማነው? ፍርድ ቤት አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ አንቀጽ 62። ከየክልሉ የተወከሉ ፖለቲከኞች። ከሥሩ 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ አለ፣ ስድስቱ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትሉም አሉበት፣ ግን እሱ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን አይወስንም። 2012 ላይ ምርጫው በኮሮና ሲራዘም አይተነዋል። ባለሙያዎቹ በቴሌቪዥን ቀርበው ሲከራከሩ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር፣ በአገራችን ስለ ሕገ መንግሥት እንዲህ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። የወሰነው ግን ማን ሆነ? የሥልጣን ዘመኑ ይራዘም አይራዘም የሚባልለት ፓርቲ ሰዎች የሞሉበት ምክር ቤት።

ጎረቤታችንን ኬንያን እዩ። የ2002ቱ ሕገ መንግሥታቸው ከወጣ ሰባት ዓመት ሲሆነው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ያሸነፈበትን ምርጫ ሰረዘ፣ ድጋሚ ይደረግ አለ። ሰውየው ዳኞቹን ሰደበ፣ ዛተ፣ ግን ድጋሚ ተደረገ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ ማታ ቤቱ ይገባል?

መምህር ዘቦሩ ሜዳ

ልጆቼ፣ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ረዘም ቢልባችሁ ታገሡኝ።

ሆጤ 03 የጻፍከው ውስጥ ሐሰት አላገኘሁም። ግን ወሎ ላይ ተቀምጠህ ወረቀት ብቻ ነው ስትል ይከብደኛል። ከደሴ ጥቂት ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓፄ ዮሐንስ፣ ምኒልክም ባለበት፣ እዚያ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖቱን ክርክር በአዋጅ ዘጉት። የወሎ ሙስሊም ባላባትም ሹመቱንና አገሩን ከፈለገ ይጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ የአይጠየፍ አዳራሽ ባለቤት። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ግን አስቡት፣ የአገሩ ገዥ እንኳ ምን እንደሚያምን የወሰነለት ሌላ ሰው ነበር። ከታች ያለው ገበሬማ ምን ይባላል? ብዙው እምነቱን ይዞ ተሰደደ፣ ብዙው ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። «በሕግ አምላክ» ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል እንላለን። ንጉሡን ግን በየትኛው ሕግ ታቆመዋለህ?

ከዚያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ1923 መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው የሰጡት ነው። ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነካ መሆኑን ራሱ ሕገ መንግሥቱ ያውጃል። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹሞች ነበሩ። በ1948 ተሻሻለ፣ ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤት መጣ፣ የመብት ዝርዝር መጣ፣ ግን ኦርቶዶክስ የመንግሥት ሃይማኖት ሆና ቀጠለች። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ ከክርስቲያን ወዳጆቹ ጋር ለእኩልነት ሰልፍ የወጣው ለዚህ ነው።

እና ያ የመብት ዝርዝር በነበረበት ዘመን ነው ወሎ ያለቀው። 1965 እና 66። ፓርላማ ነበር፣ ሕገ መንግሥት ነበር። አማርትያ ሴን የሚባል ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ያንን ረሃብ ሲያጠና ያገኘውን አንብቡ፦ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እንዲያውም እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን ነበር። ገበሬው መግዣ ስላልነበረው ነው እንጂ እህል ከአገር ጠፍቶ አይደለም። መንግሥት ደግሞ ደበቀው። ነፃ ጋዜጣ ቢኖር፣ የሚጠይቅ ፓርላማ ቢኖር፣ የሚወርድ ሚኒስትር ቢኖር አይደበቅም ነበር። ሴን የሚለውም ይህንኑ ነው፣ ነፃ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ረሃብ አይደርስም ይላል። የመናገር ነፃነት የከተሜ ቅንጦት ለሚመስላችሁ የምነግራችሁ ይሄን ነው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ከቆላ የመጡት ሰዎች መንገድ ዳር ሲወድቁ አይቻለሁ፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የ1979ኙ የደርግ ሕገ መንግሥትም የመናገር ነፃነት ብሎ ጽፏል፣ አንድ ፓርቲ ብቻ መሪ ነው ከሚለው ጋር አብሮ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ችግር የጽሑፍ እጥረት ሆኖ አያውቅም። 48 ሰዓት የምትሏትም ቢሆን በአሁኑ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተፈጠረች አይደለችም፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ አለች። የጎደለን ጠያቂ ነው። ከላይ የሚጠይቅ ፍርድ ቤት፣ ከታች የሚጠይቅ ሰው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሆጤ ልጅ። ያ የምታማው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 የአንዲት ሙስሊም ሴት ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። የውርስ ቤት ክርክር ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ «አልተስማማሁም» እያለች ጉዳይዋን አየው፣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዳ ተረታች። ምክር ቤቱ ግን አንቀጽ 34 ንዑስ 5 ሁለቱም ተከራካሪዎች ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ይጠይቃል፣ ያለፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ሸሪዓውን አልከለከለም፣ ግዴታ አታድርጉት ነው ያለው። ቦሩ ሜዳን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆጤ 03

መምህር፣ እርስዎ ያሉትን የሸሪዓውን ጉዳይ አላውቀውም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን አንዲት ሴት ከሌላ ግለሰብ ጋር በውርስ ተከራክራ ማሸነፏና አንድ ሰው ከመንግሥት ጋር ተከራክሮ ማሸነፉ ለየቅል ነው። ሁለተኛውን ያሳዩኝ።

የቦርከና ልጅ

ከኮምቦልቻ ነኝ። ያ ጀማዓ፣ ሁላችሁም እስር እስር ትላላችሁ፣ መሬትስ?

ሆጤ፣ እኔ ላሳይህ። የአባቴ መሬት ለልማት ተብሎ ተወሰደ። የት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይቅር። የተገመተለት ካሳ የቋሚ ዛፉን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር፣ የጉድጓዱን ውኃማ ጭራሽ አልቆጠሩትም። ዘመድ አዝማድ «መሬት የመንግሥት ነው፣ ዝም ብላችሁ ተቀበሉ» አለ። አንቀጽ 40 መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፣ እውነት ነው። ግን ወረድ ብለህ ብታነብ በጉልበትህ የሠራኸውና ያሻሻልከው ያንተ ነው ይላል። ንዑስ 8 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፍላል ይላል። «በቅድሚያ» የምትለዋን ቃል እኔ ነኝ ለአባቴ ቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩለት። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161ም መጀመሪያ አቤቱታ ሰሚ፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት እያለ መንገዱን ያሳያል። ሄድን። አደከሙን። ብዙ «ነገ ተመለሱ» ሰማን። በመጨረሻ ጉድጓዱና ዛፎቹ እንደገና ተቆጠሩ፣ ገንዘቡም ጨመረ። የምንፈልገውን ያህል አይደለም። ግን ጨመረ።

ያው እኛ ያደረግነው አባቴን ማስነበብ ነው። አማርኛው ለገበሬ አይከብድም፣ 106 አንቀጽ ነው፣ ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ያጥራል። የሚከብደው ማግኘቱ ነው። ቀበሌ ሄዳችሁ አንድ ቅጂ ጠይቁ እስቲ፣ እንዴት እንደሚያዩአችሁ።

ሆጤ 03

እሺ፣ ይቺ ተቆጥራልሃለች። ግማሽ ነጥብ።

የፒያሳው

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ፣ መምህር እርስዎንም ዕድሜ ይስጥልኝ። ለአባቴ የእርስዎን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። የእህሉን ነገር ሲሰሙ «እሱንስ እኔም አውቃለሁ፣ መኪናው በኛ በር ነው የሚያልፈው» አሉ።

ጥቁር ካባ፣ አንድ ጥያቄ ይቅረብልህ። ልጁ አሁን ወጥቷል። ያለፉት ቀናት ግን ባጃጁ ቆሞ ነው የከረመው፣ ዕለታዊ ገቢ ለባለቤቱ ያስገባል። ከወጣ በኋላ መጠየቅ ይቻላል ወይስ አበቃ?

ጥቁር ካባ

አላበቃም። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በወንጀል ነው፦ የመንግሥት ሠራተኛ ሕጉን ጥሶ ሰው ቢይዝ ወይም ቢያስር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይህ እንዲሄድ ዐቃቤ ሕግ መክሰስ አለበት፣ እዚያ ላይ የሆጤን ጥርጣሬ እጋራለሁ። ሁለተኛው በፍትሐ ብሔር የካሳ ክስ ነው፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት በሚለው ክፍል፣ የሰውን ነፃነት ያለ ሕግ መንፈግ እዚያ ውስጥ ጥፋት ተብሎ ተቀምጧል። ለዚህኛው ጠበቃ ያዙ፣ አቅም ከሌላችሁ ዩኒቨርሲቲው ያሉ የሕግ ትምህርት ክፍል ሰዎችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ።

ከማንኛውም በፊት ግን የፍርድ ቤቱን መዝገብ ግልባጭ አውጡ። ማክሰኞ ሲቀርብ የተያዘበት ቀንና ሰዓት ተመዝግቦ ይሆናል። ያ ሰዓት «ሰኞ ጠዋት የተያዘ» ተብሎ ከተጻፈ ነገሩ ሌላ ነው፣ ያኔ ሐሙስ ማታ ያዩት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ተሳፋሪው ራሱ ይመሰክር ይሆን?

የፒያሳው

ተሳፋሪው ታርቋል። ነገ መዝገብ ቤት ሄጄ ግልባጩን እጠይቃለሁ፣ ምን እንደተጻፈ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።