የፕሮፖዛሉ ክፍል ሁለት፦ የኮሌጁ ታሪክና የተማሪዎቹ ማንነት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከአገር ቤት መጥተን ዎርዚንግተን ለምንኖር ሰዎች ክፍል እንዲከፈትልን ለሚኒሶታ ዌስት ኮሌጅ የምናስገባውን ፕሮፖዛል ማታ ከሥራ ገብቼ አነበብኩት። ክፍል ሁለት ላይ የኮሌጁ ታሪክ አራት መስመር ብቻ ነው። ተማሪ ተብለው የተጻፉት ደግሞ ሃይስኩል የጨረሱ ልጆቻችን ብቻ ናቸው። ሁለቱም ይስተካከሉ ባይ ነኝ።

ኮሌጁ እዚህ ዎርዚንግተን የተከፈተው በፈረንጆቹ 1936 ነው። ያኔ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። የገበሬ ልጅ ሚኒያፖሊስ ሄዶ ቤት ተከራይቶ የሚማርበት ገንዘብ ከየት ይምጣ? በአቅራቢያው ኮሌጅ ሲከፈት ግን እናት አባቱ ቤት እያደረ መማር ቻለ። በ1997 በካንቢ፣ በግራኒት ፎልስ፣ በጃክሰንና በፓይፕስቶን ካሉት የሙያ ኮሌጅ ቅርንጫፎች ጋር ተዋህዶ የዛሬውን ስም ያዘ። ዛሬ ካንቢ ሄዶ የነፋስ ኃይል ቴክኒሻንነት፣ ጃክሰን ሄዶ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ፣ እዚህ ደግሞ ነርሲንግ መማር ይቻላል። የኔ ሐሳብ ፕሮፖዛሉ ከዚህ ታሪክ ይጀምር ነው። ከተማውን ለቆ መሄድ ለማይችል ሰው የተከፈተ ኮሌጅ ነው፤ እኛም የምንጠይቀው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ዛሬ ለቆ መሄድ የማይችለው ማነው? በ2020 ቆጠራ 13,947 ሰው ባላት ከተማ፣ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራው የኛ ሰው ነው። አንዷን እህታችንን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ሺፍት ነው የምትሠራው። ከመግባቷ በፊት ፓርኪንግ ላይ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ የነርስ ረዳት መጽሐፏን መሪው ላይ ትዘረጋለች። ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በላይ በእርሳስ አማርኛውን ትጽፋለች። ትናንት «የልብ ምት» ብላ ስትጽፍ አየኋት። ጣቶቿ ከፋብሪካው ብርድ የተነሳ ስለሚደነዝዙ ፊደሎቹ ይጣመማሉ። ዕድሜዋ 38 ነው፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። የተማሪ መግለጫችን ውስጥ እሷ የለችም!

ሌላም አለ። ድራፍቱ የሚጠይቀው የማታ ክፍል ነው። ሠራተኛ ሲባል ማታ ይማራል ብለን ነዋ የጻፍነው። ግን ሁለተኛ ሺፍት ያለ ሰው ማታ ሥራ ላይ ነው። የሚያስፈልገን የጠዋት ክፍል ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚጀምር። ትምህርት ቤት ላልደረሱት ሕፃናት ደግሞ መዋያ እንጠይቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ እውነትሽን ነው፣ እኔም ሁለተኛ ሺፍት ሆኜ እንዴት እንዳልታየኝ! ስለ ክፍያው ልጨምር። ከ2024 መኸር ጀምሮ የቤተሰብ ገቢው ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ የሚኒሶታ ነዋሪ ኮሌጁን ያለ ክፍያ መማር ይችላል። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ፎርም ወይም የሚኒሶታ ድሪም አክት ማመልከቻ መሙላት ግን ግዴታ ነው፣ ብዙ ሰው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ፎርም የሚያስሞላ ሰው እንጠይቅ። ደግሞ ዕድሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን አይጨምርም። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘው መጥተው እዚህ ሥጋ የሚቆርጡ ወንድሞች አሉን፣ የነሱ ነገር እንዴት እንደሚታይ በጽሑፍ ይመለስልን።

ሊቀመንበር፦ ተስማምቻለሁ። ልጆቹንም ግን አናውጣቸው። ሃይስኩል እያሉ የኮሌጅ ትምህርት በነጻ መውሰድ ከ1985 ጀምሮ በሚኒሶታ ሕግ ሆኖ አለ፣ ወላጅ ግን አያውቀውም። አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። ፕሮፖዛሉ ውስጥ አስተርጓሚ የሚለው ላይ አማርኛ ብቻ አትጻፉ፤ አኙዋክኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛም ይግቡ። የእህታችንን ታሪክ ግን ፈቃዷን ሳንጠይቅ አናስገባም።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ጠይቄያታለሁ። ስሜን ትታችሁ ሌላውን ጻፉት ብላለች። ታሪኩንና የተማሪ መግለጫውን እስከ ሐሙስ እኔ አስተካክላለሁ። የክፍያውን ክፍል ገንዘብ ያዣችን ብትይዢው? የሕፃናት መዋያው ላይ ግን ልጆች ያሏችሁ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያስፈልጋችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።