ጥጣችን ኦርጋኒክ ይሁን ወይስ ቢቲ? ኑ እንከራከር

ቤዛ፦ ጎበዝ፣ አንድ ነገር ላንሳ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 የህንድ ቢቲ ጥጥ፣ ማለትም ትል የሚገድል ነገር ራሱ እንዲያመርት ዘረ መሉ የተለወጠ ጥጥ፣ እንዲዘራ ፈቅዷል። አርባ ምንጭ አካባቢ ደግሞ ኬሚካል ትተው ኦርጋኒክ ጥጥ የሚያመርቱ አነስተኛ ገበሬዎች አሉ። ኦርጋኒክ ልውጥ ዘር ስለማይቀበል ሁለቱን አንድ ማሳ ላይ ማድረግ አይቻልም። ለገበሬው የትኛው ይሻላል? እኔ ከኦርጋኒኩ ጋር ነኝ።

ሳሚ፦ እኔ የለሁበትም። ጓይ ትል ፍሬውን በስቶ ሲገባ ገበሬው ምን ይብላ? ቢቲ ትሉን ራሱ ይገድለዋል። ለፈረንጅ ቲሸርት ሲባል የኛ ሰው ምርቱ ለምን ይቀንስበት?

የአርባ ምንጩ፦ ሳሚ፣ ቢቲ የሚገድለው ትል ነው። ክሽክሽንና ነጭ ዝንብን አይነካም፣ ስለዚህ ርጭቱ አይቀርም። ህንድ ውስጥ ደግሞ ሮዝ የሚባለው የጥጥ ትል ቢቲውን ለምዶት እንደገና ማሳ እያወደመ ነው። ዘሩም ድቅል ስለሆነ ከራስህ ምርት አስቀምጠህ ብትዘራው እንደ መጀመሪያው አይሆንልህም፣ በየዓመቱ መግዛት ነው። እዚህ ያሉት ገበሬዎች የተማሩት ሌላ ዘዴ ነው፤ ከእርሾ የተዘጋጀ ነገር ማሳው ላይ ይረጫሉ፣ ሽታው ትሉን የሚበሉትን ነፍሳት ይጠራል፣ የቀረውን ሥራ እነሱ ይሠሩታል። ድሮ የተባይ መድኃኒቱን ያለ ጓንት እያማሰሉ፣ ባዶውን ጀሪካን አጥበው ውሃ ሲቀዱበት የነበረውን ያየ ሰው ይህን እንደ ቅንጦት አያወራም። መርዙን ጠርጎ የሚሄደው ጎርፍ የሚገባውም ዓሣ የምንበላበት ጫሞና አባያ ነው!

ሳሚ፦ እሺ፣ ስለ መርዙ አልከራከርህም። ግን አረሙን በእጅ ማን ያርመዋል? ደግሞ ኬሚካል ካቆምክ በኋላ ኦርጋኒክ ብለህ ለመሸጥ ሁለት ሦስት ዓመት ትጠብቃለህ። እስከዚያ በተራ ዋጋ ነው የምትሸጠው፣ ደላላው ምን ገዶት!

ሀና ከጀርመን፦ እኔ ከልብስ ገዢው ወገን ላውራ። ሰዉ እዚህ ኦርጋኒክንና ፍትሐዊ ንግድን ያምታታቸዋል። ኦርጋኒክ ማለት ስለ ማሳው ነው፣ ፍትሐዊ ንግድ የሚባለው ደግሞ ስለ ዋጋው። የፌርትሬድ (የፍትሐዊ ንግድ) የጥጥ ምልክት ለገበሬው ዝቅተኛ ዋጋና ለማህበሩ ተጨማሪ ገንዘብ ያስገኛል፣ ጥሩ ነው። ግን የሚናገረው ስለ ጥሬ ጥጡ ብቻ ነው፣ ልብሱን የሰፋችውን ልጅ አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው ብሎ ነበር። ታዲያ ልብሱ በምን ሂሳብ ፍትሐዊ ይባላል?

ቤዛ፦ ይሄ እውነት ነው፣ ግን ሰፊዋ ተበደለች ተብሎ ገበሬውም መርዝ ይተንፍስ አይባልም።

ጋሽ ከበደ፦ ልጆች፣ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ አውሮፓ ነው። ሽሮ ሜዳ ውረዱና እዩ፤ ጥበብ የሚመስል የፋብሪካ ህትመት ሞልቶታል፣ ብዙው ጥጥ እንኳ አይደለም። ፈታዩዋና ሸማኔው ሥራ እየፈቱ ነው። ይህን ኦርጋኒክ ጥጥ ለምን ለራሳችን ነጠላና ጋቢ አንፈትለውም? ለሠርግ ለአንድ ቀሚስ ስንት የሚያወጣ ሕዝብ ጥጡ ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ሳሚ፦ ጋሽዬ፣ እርስዎ የሚሉት ለሠርግ ይሆናል። ለዘወትር ግን ሰዉ ሳልባጅ ነው የሚለብሰው፣ ኪሱ አይችልም።

ጋሽ ከበደ፦ ለሠርግ ከሆነም ከሠርግ እንጀምር ሳሚ፣ ምን ቸገረህ?

ቤዛ፦ ወደ ገበሬው እንመለስ። ኦርጋኒክ ነው የሚለውን የምስክር ወረቀት ወጪ ማን ይከፍላል? ለብቻው የሚችለው የለም።

የአርባ ምንጩ፦ በማህበር ተደራጅተው በጋራ ያወጡታል፣ እሱ መፍትሔ አለው። ዋናው ችግር ገዢው ነው። የምስክር ወረቀት ይዞ ገዢ ያጣ ጥጥ መጋዘን ውስጥ ያው ተራ ጥጥ ነው።

ሳሚ፦ በቃ፣ እንግዲያው ገዢው ቀድሞ ይፈርም፤ የመሸጋገሪያውን ዓመታት ጨምሮ በዚህ ዋጋ እወስዳለሁ ይበል። ያኔ እኔም ቢቲውን እተወዋለሁ።

ሀና ከጀርመን፦ የውሉ ኮፒም ገበሬው እጅ ይግባ፣ በሚያነበው ቋንቋ።