የቬስፓዬ ማርሚታ በጥቀርሻ ተደፍኗል፤ ሳይቆረጥ ይጸዳል?

የቬስፓው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ትቶልኝ ያለፈው ቬስፓ ፒኤክስ 150 አለኝ። ቱ ስትሮክ ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በእጅ ይቀላቀላል። ሦስት ዓመት ቆሞ ነበር። ባለፈው ክረምት አስነሳሁትና እየነዳሁት ነው፤ ግን ቀን በቀን ጉልበት እያጣ መጣ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እንኳ ያቃስታል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩን አጠብኩ፣ የአየር ማጣሪያውን አጸዳሁ። ለውጥ የለም። ትናንት የማርሚታውን (ድምፅ የሚያፍነውን የጭስ ቱቦ) ጫፍ ሳየው በቅባታም ጥቀርሻ ጠብቧል። ሽቦ ብሰድበትም ትንሽ ፍርፋሪ ብቻ ነው የወጣው።

ሰፈራችን ያለ ጋራዥ «ቀደን ከፍተን መልሰን እንበይደዋለን» አለኝ። ልቤ እምቢ አለ። ልጅ ሆኜ አባቴ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ በዚህ ቬስፓ ነበር፤ እኔ ከፊቱ ቆሜ መሪውን ይዤ። ሌላ መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የድሬው መካኒክ፦
ልጄ፣ አታስቆርጠው። መጀመሪያ ጥፋቱ የማርሚታው መሆኑን አረጋግጥ። ከሲሊንደሩ ጋር የሚያያዝበትን ማሰሪያ ፈታ አድርገህ ለጥቂት ሰከንድ አስነሳው። ጩኸቱ ያስደነግጣል፤ አይዞህ። ቤንዚን ስትሰጠው ቶሎ ቶሎ የሚነሳ ከሆነ የታፈነው ማርሚታው ነው።

ስትፈታው የኋላውን ጎማ አውጣ፤ ቦታ ይሰጥሃል። ቡሎኑ ዝጎ ከሆነ ማታ ዘይት አጠጥተኸው እደር። በጉልበት ከተበጠሰ ሌላ ጣጣ ነው።

ሰው ማርሚታውን ያጸዳና የሲሊንደሩን የጭስ መውጫ ይረሳል። እሱ ራሱ በጥቀርሻ ይጠባል። ሞተሩን በእጅህ አዙረህ ፒስቶኑ ቀዳዳውን እንዲዘጋው አድርግ፤ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ በእንጨት ቁራጭ ቀስ እያልክ ፋቅ። ካቻቪቴ አትጠቀም! ፒስቶኑ አሉሚኒየም ነው፤ ከተጫረ አይመለስም።

ለማርሚታው እኔ ኮስቲክ ሶዳ ነው የምጠቀመው። ግማሽ ኪሎ በ5 ሊትር ውሃ በጥብጬ፣ አንዱን ጫፍ ደፍኜ እሞላውና አሳድረዋለሁ። ሌላኛውን ጫፍ ክፍት ተወው፤ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ጠዋት ጥቁር ዝቃጭ ይወጣል። ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግመህ እጠብ። ከሰል ላይ አድርገው የሚያቃጥሉም አሉ። እኔ አልወደውም፤ ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ይጣመማል፣ ጭሱም ሳንባ ይጎዳል።

ሳሙና ሠሪዋ፦
ወንድሜ፣ ስለ ቬስፓ አላውቅም፤ ከኮስቲክ ጋር ግን በየቀኑ ነው የምውለው። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምር፤ ውሃውን ሶዳው ላይ እንዳታፈስ። ፈልቶ ፊትህ ላይ ይረጫል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምረው፤ እንዲያም ሆኖ በራሱ ይግላል። የአሉሚኒየም ድስት ወይም ባልዲ በፍጹም አትንካ፤ ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ፕላስቲክ ባልዲ ያዝ። ረጅም ጓንትና የዓይን መነጽር አድርግ፣ ደጅ ሥራ፣ ልጆችን አርቅ። ዓይንህ ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ እያጠብክ ሐኪም ቤት ሂድ። እኔ አንዴ ክንዴን ነክቶኝ ጠባሳው ዛሬም አለ።

የድሬው መካኒክ፦
እህቴ እውነቷን ነው፤ ይህን እኔ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ልጄ፣ አንድ ጥያቄ፦ ዘይቱን በምን ትለካዋለህ? የምን ዘይትስ ነው?

የቬስፓው ልጅ፦
ጋሼ፣ በግምት ነው የማፈሰው። ሞተሩ እንዳይጎዳ ብዬ በዛ አደርጋለሁ። ዘይቱ የመኪና 20-50 ነው።

የድሬው መካኒክ፦
በል ጥቀርሻህ የመጣው ከዚህ ነው። የመኪና ዘይት እንዲቃጠል ተብሎ አልተሠራም። የቱ ስትሮክ ዘይት ግዛ፤ ልኩ 2 በመቶ ነው። ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር።

የቬስፓው ልጅ፦ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ለአንቺም እንዲሁ፤ ጓንቱና መነጽሩ ባይኖሩ ኖሮ ተቃጥዬ ነበር። ሁለት ሌሊት ነው ያሳደርኩት። የመጀመሪያው ሌሊት ከግማሽ በላይ አላነሳም። የጭስ መውጫው ደግሞ ጣቴ እንኳ እስከማያልፍ ጠብቦ ነበር።

ዛሬ ሽሮ ሜዳን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። ድምፁ ሲለወጥ እንባዬ መጣ፤ ልጅነቴ የማውቀው ድምፅ ነው።

በአባቴ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ አንድ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ነበረ። ለምን እንዳስቀመጠው አይገባኝም ነበር። አሁን አንስቼ ሳየው «100 ሚሊ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ውስጡም ዘይት ዘይት ይሸታል።

የድሬው መካኒክ፦
አባትህ አዋቂ ሰው ነበሩ። በዚያችው ለካ። ኮስቲኩ ቀለሙን ስለሚያነሳው ሳይዝግ እሳት የሚችል ቀለም ቀባው። ካንዴላው አሁንም ከጠቆረብህ ደግሞ ጅግለሩን (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ብሎን) በአንድ ቁጥር አሳንስ። ሽሮ ሜዳ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል።

የቬስፓው ልጅ፦
እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ፒያሳ ጅግለር ፍለጋ እወጣለሁ።